የመስኮቱ እጀታ በማን እጅ ነው? ስለ ክፍል ሙቀት፣ ስለ ምቾትና ስለ ቸርችል ጎዳና

ከማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ለገሀር የሚወርደው ቸርችል ጎዳና በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ነው። ይህ ለመንገደኛው እምብዛም ትርጉም ላይሰጠው ይችላል። በጎዳናው ግራና ቀኝ በተደረደሩት ሕንፃዎች ውስጥ ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ለሚውል ሠራተኛ ግን የየዕለቱ ጉዳይ ነው። ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሄደ ወደ ጎዳናው የሚመለከቱ መስኮቶች ሁሉ ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ይዞራሉና። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ታች ስንወርድ በቀኛችን ያሉት ሕንፃዎች የጠዋቷን ፀሐይ በፊታቸው ይቀበላሉ፤ በግራችን ያሉት ደግሞ የከሰዓቷን። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጎዳና ላይ አንዱ ጸሐፊ ሹራቡን ሲደርብ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባልደረባው የሸሚዙን እጅጌ ይጠቀልላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ወደ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ጨረሩን የሚያስቀረው አየር ስስ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ምዕራብ በዞረ ቀጥ ያለ መስኮት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 700 ዋት የሚጠጋ ኃይል ያርፋል። መስኮቱ ባለ አንድ ንብር ተራ መስታወት ከሆነ ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛው ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ መስኮት እንግዲህ ከ1,000 ዋት በላይ ያስገባል ማለት ነው። ጸጥ ብሎ ተቀምጦ የሚሠራ አንድ አዋቂ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት 100 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ፀሐይዋ በዚያች ክፍል አሥር ተጨማሪ ሠራተኞችን ያለ ወንበር አስቀመጠች ብንል ማጋነን አይሆንም። ከመስኮቱ በላይ የምትሠራው አግዳሚ ጥላ ለዚህች ዝቅ ብላ ለምትመጣ ፀሐይ ብዙም አትጠቅምም። ቀጥ ብለው የቆሙ ክንፎች ወይም የሚዘጋ የእንጨት መስኮት ይሻላሉ።

እንግዲህ የእነዚህን ሁለት ፊቶች ክፍሎች በኮሪደሩ መሐል በተሰቀለ አንድ ቴርሞስታት እንቆጣጠር ብንል ምን ይሆናል? መሣሪያው የኮሪደሩን ሙቀት ይለካል፤ በኮሪደሩ ደግሞ ማንም ተቀምጦ አይሠራም። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የፈለግነው ጥያቄ ግን ከመሣሪያው አቀማመጥ አልፎ ይሄዳል። ሙቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሙቀት ለመለወጥ የሚችል ሰውና የማይችል ሰው እኩል ይመቻቸዋልን?

ምቾት ሲለካ

ዴንማርካዊው መሐንዲስ ፖል ኦሌ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ የምቾትን ነገር ወደ አንድ ቀመር አጠቃለለው። ሰውነት የሚያመነጨውን ሙቀት በዚያው ልክ ለአካባቢው ሲያስረክብ፣ ቆዳውም ላቡም በተገቢው መጠን ሲሆኑ፣ ሰው አይሞቀውም አይበርደውም። ይህን ለማስላት ስድስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነርሱም የአየሩ ሙቀት፣ በዙሪያው ያሉ ግድግዳዎችና መስታወቶች በጨረር የሚልኩት ሙቀት፣ የአየሩ ፍጥነት፣ እርጥበቱ፣ ሰውየው የሚሠራው ሥራና የለበሰው ልብስ ናቸው።

ከእነዚህ ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በክረምት ጠዋት ቴርሞሜትሩ 22 ዲግሪ እያሳየ አጥንት ድረስ የሚሰማን ብርድ ከየት ይመጣል ለሚል ሰው መልሱ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ነው። አየሩ 22 ዲግሪ፣ ከጎናችን ያለው እርጥብ የሲሚንቶ ግድግዳና የመስኮቱ መስታወት ደግሞ 16 ዲግሪ ቢሆኑ፣ ሰውነታችን የሚሰማው በግምት የሁለቱን አማካይ ማለትም 19 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መልሷል።

የፋንገር ቀመር እስከ ዛሬ ድረስ የዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት ሆኖ ያገለግላል። የራሱ የቀመሩ ባለቤት እንዳሳየው ሁሉም ነገር በትክክል ቢስተካከል እንኳ በአንድ ክፍል ካሉት ሰዎች 5 በመቶ ያህሉ ቅሬታቸው አይቀርም። ሰው ሁሉ አንድ አይደለምና። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ከስድስቱ መለኪያዎች አንዳቸውም «ይህ ሰው መስኮቱን መክፈት ይችላልን?» ብለው አይጠይቁም።

ጥያቄውን በአኃዝ የጠየቁት ሪቻርድ ዲ ዲርና ጌይል ብሬገር ናቸው። እነዚህ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት በልዩ ልዩ ክፍለ ዓለማት ከሚገኙ 160 ሕንፃዎች የተሰበሰቡ 21,000 ያህል መረጃዎችን አገናዘቡ። መስኮታቸው በታሸገና በማሽን በሚቀዘቅዙ ሕንፃዎች ውስጥ የሰዎቹ መልስ ከፋንገር ቀመር ጋር በደንብ ይስማማል። መስኮቶቻቸውን ራሳቸው በሚከፍቱባቸው ሕንፃዎች ግን ሰዎቹ ቀመሩ ከሚፈቅድላቸው እጅግ ሰፊ በሆነ የሙቀት ክልል ውስጥ «ተመችቶናል» አሉ። የሚመቻቸውም ሙቀት ከውጪው አየር ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ከዚህ የወጣው ቀለል ያለ ቀመር እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ውስጥ ገብቷል። የውጪውን አማካይ ሙቀት በ0.31 አባዝተን 17.8 ብንደምርበት የሚመቸውን ሙቀት እናገኛለን፤ ከዚያ ወደ ላይም ወደ ታችም 3.5 ዲግሪ ብንሄድ ከአሥር ሰዎች ስምንቱ ይቀበሉታል።

ለአዲስ አበባ እናስላው። የከተማችን የዓመት አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። 16 በ0.31 ሲባዛ 5 ያህል፣ 17.8 ሲደመር 22.8 ይሆናል። ተቀባይነት ያለው ክልል እንግዲህ ከ19.3 እስከ 26.3 ዲግሪ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ፣ ከከሰዓት ፀሐይ የተጠለለ ክፍል በከተማችን በአብዛኛው የሥራ ሰዓት ያለ ምንም ማሽን በዚህ ክልል ውስጥ መዋል ይችላል። ይህን የመሰለ ስጦታ ያላቸው ዋና ከተሞች ብዙ አይደሉም። ሆኖም ከደረጃው ጋር የተያያዘች አንዲት ቅድመ ሁኔታ አለች። ይህ ሰፊ ክልል የሚሠራው በሕንፃው ውስጥ ያሉት ሰዎች መስኮቱን በራሳቸው እጅ መክፈትና መዝጋት ሲችሉ ብቻ ነው። መስኮቱ በታሸገ ጊዜ ሰባቱ ዲግሪ ይጠባሉ፤ የጠበበውንም ለመጠበቅ ማሽን፣ ለማሽኑም መብራት ያስፈልጋል።

ሥልጣን ብቻውን ሙቀት ነውን?

መስኮት የከፈተ ሰው ክፍሉ ስለቀዘቀዘለት ተመቸው ቢባል ከተለመደው ፊዚክስ አልወጣንም። አስገራሚው ነገር የሚመጣው ክፍሉ ሳይለወጥ ስሜቱ ሲለወጥ ነው። ብሬገርና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያደረጉት ጥናት ይህን ያሳያል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ ተመሳሳይ ሙቀት ውስጥ፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን በሁለት ከፈሏቸው። በመስኮቱ ላይ ሥልጣን ያላቸውና የሌላቸው። በሞቃቱ ወቅት «አልሞቀኝም አልበረደኝም» የሚያሰኘው ሙቀት በሁለቱ መካከል በ1.5 ዲግሪ ያህል ተለያየ፤ ባለ ሥልጣኖቹ ሞቅ ያለውን ክፍል በቀላሉ ተቀበሉት። በብርድ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከቻይና የወጣ ጥናት አለ። በክረምት የቤታቸውን ማሞቂያ ራሳቸው የሚያስተካክሉ ነዋሪዎች፣ ማሞቂያው ከማዕከል ከሚታዘዝላቸው ይልቅ በ2.6 ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ተመችቷቸዋል።

ለዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? አንዱ ማብራሪያ ከሥነ ልቦና ይመጣል። ዴቪድ ግላስና ጄሮም ሲንገር የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ ባወጡት ምርምር ሰዎችን በሚያውክ ጩኸት ውስጥ አስቀምጠው ያሠሩ ነበር። ለከፊሎቹ ጩኸቱን የሚያቆም ቁልፍ ሰጧቸው፤ ባይነኩት እንደሚመርጡም ነገሯቸው። አብዛኞቹ አልነኩትም። ነገር ግን ቁልፉ ከጎናቸው የነበረላቸው ሰዎች፣ ያንኑ ጩኸት በዚያው መጠን ሰምተው እያሉ፣ ከጩኸቱ በኋላ የተሰጣቸውን ሥራ ከሌሎቹ አሻሽለው ሠሩ። ጉዳቱን የቀነሰው ቁልፉን መጫን አልነበረም፤ መጫን እንደሚቻል ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ የፊዚዮሎጂ ነው፤ እኛም ወደዚህ እናደላለን። ፈረንሳዊው ሚሼል ካባናክ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳስረዳው አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ደስ የሚያሰኘውም የሚያስከፋውም በሰውነታችን ሁኔታ ነው። የሞቀው ሰው እጁን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲያስገባ ደስ ይለዋል፤ የበረደው ሰው በዚያው ውኃ ይሰቃያል። በራሱ እጅ መስኮት የሚከፍት ሰው የሚከፍተው መቼ ነው? በሞቀው ጊዜ ነው፤ ማለትም ነፋሱ ደስታ በሚሆንበት ቅጽበት። ሌላ ሰው የሚከፍትለት ግን ነፋሱን የሚያገኘው በሌላው ሰው ሰዓት ነው።

በነገራችን ላይ አንዳንድ የሕንፃ ባለቤቶች ይህን ዕውቀት ለተንኮል ተጠቅመውበታል። በአሜሪካ ባሉ አንዳንድ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ከምንም ነገር ጋር ያልተገናኙ የይስሙላ ቴርሞስታቶች እንደሚሰቀሉ እ.ኤ.አ. በ2003 በጋዜጣ ተዘግቦ ነበር። ሠራተኛው ያሽከረክረዋል፣ ቅሬታውም ይቀንሳል። ዘዴው የሚሠራው ግን ሠራተኛው እስኪነቃ ድረስ ብቻ መሆኑን ለመናገር ምርምር አያሻም።

የታክሲው መስኮት

ከፒያሳ ወደ ለገሀር በሚወርድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ ስለ መስኮት የሚነሣውን ክርክር ያውቀዋል። አንዱ «ይከፈት፣ ታፈንን» ይላል፤ ሌላዋ «እባክህ ዝጋው ወንድሜ፣ ነፋስ ይመታኛል» ትላለች። የተማረው ክፍል ሁለተኛውን ድምፅ እንደ አጉል እምነት ቆጥሮ ማለፍ ይቀናዋል። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ቢያንስ በከፊል።

በሚኒባሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ፣ ሾፌሩና ረዳቱ 1,400 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫሉ፤ ትንፋሻቸውም እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። ስለዚህ ታፈንን ያለው ሰው ትክክል ነው። እንዲያውም የሳንባ ነቀርሳም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 ያየነው የኮሮና ወረርሽኝ በትንፋሽ የሚተላለፉ በመሆናቸው የመስኮቱ መከፈት ከምቾት በላይ የጤና ጉዳይ ነው። ይሁንና መስኮቱን ተንሸራታች አድርጎ የሠራው ፋብሪካ እጀታውን ለአንዱ፣ ነፋሱን ለሌላው ሰጥቷል። የሚከፍተው ከመስኮቱ ጎን የተቀመጠው ነው፤ ነፋሱ የሚያርፈው ግን ከኋላው ባለችው ሴት አንገት ላይ ነው። አንገት ደግሞ ለነፋስ ስሜት ንቁ ከሆኑት የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው፤ በተለይ አየሩ 20 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን። ነፋስ በሽታ ያመጣል ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ያስከፋልም ማለት ግን እውነት ነው። እጀታው በእጇ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ግማሹን ትከፍተው ነበር።

የአራዳ ቤቶች ምን ያውቁ ነበር?

በአራዳ አካባቢ የነበሩትንና እስካሁንም የተረፉትን የቀድሞ ቤቶች ያየ ሰው ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን የሚሄድ የእንጨት በረንዳና ከመስታወቱ ውጪ የሚዘጋ የእንጨት መስኮት ያስተውላል። የሕንድና የአርመን ግንበኞች እጅ ያለበት ይህ አሠራር፣ ለምሳሌ በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በረንዳ ላይ የሚታየው፣ ለውበት ብቻ የተሠራ አይደለም።

የግድግዳውን ነገር በሒሳብ እንመልከት። የቀንና የሌሊት የሙቀት ማዕበል በድንጋይ ውስጥ ሲጓዝ በየ17 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ወደ 37 በመቶው ይዳከማል። ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ማዕበሉ ወደ ውስጠኛው ፊት የሚደርሰው ወደ 9 በመቶ ተመናምኖና 9 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ውጪውን ያጋለው ሙቀት ወደ መኝታ ክፍሉ የሚደርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ቤተሰቡ ብርድ ልብስ በሚፈልግበት ጊዜ ነው። ውፍረቱ በግማሽ ሲቀነስ መዘግየቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ማዕበል ግን 30 በመቶ ይደርሳል።

ይህ የግድግዳው ድርሻ ነው፤ ማንንም ሳይጠይቅ ይሠራል። የቀረውን ድርሻ የሚሠሩት በረንዳው፣ ድርብ መስኮቱና የቤቱ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ብርሃን ሲፈለግ የእንጨቱ መስኮት ይከፈታል፣ ከሰዓት ፀሐይ ስትበረታ መለስ ይደረጋል፣ ሲመሽ ይዘጋል። ወንበር ወደ በረንዳ ይወጣል፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ጋቢ ይደረባል፣ ይወልቃል። ቡናው ራሱ፣ ፊዚክሱን ብቻ ካየን፣ የሞቀ ስኒ በእጅ መያዝ ነው። ቤቱ ለነዋሪው አምስትና ስድስት ትናንሽ እጀታዎችን ይሰጠው ነበር።

በ1950ዎቹ በጎዳናው አናት የተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃም ሆነ ሌሎች የዘመኑ ሕንፃዎች ከቴክኖሎጂው ጋር ወደ ሲሚንቶ ቢሸጋገሩም በእጅ የሚከፈት መስኮትን አልተዉም። በያዝነው ዘመን ግን ከተማዋ በፍጥነት ወደ ላይ እያደገች ነው። በየካቲት 2014 የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻውን 209 ሜትር ቁመት አለው። እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ነፋሱ ስለሚበረታ መስኮትን እንደ ልብ መክፈት አዳጋች ነው፤ ማሽን ይጠይቃል፤ በዚህ አንከራከርም። የሚያከራክረን አምስትና ስድስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ያለ ምንም ቴክኒካዊ ምክንያት የታላላቆቹን ልብስ ለብሰው በመስታወት መታሸጋቸው ነው። መብራት በጠፋ ቀን የእነዚህ ሕንፃዎች ሠራተኛ የሚቀረው አንድ እጀታ የበሩ ነው።

ሥልጣን የተነፈገ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በክረምት ከጠረጴዛ ሥር ባለ 2,000 ዋት ሂተር ይሰካል፤ በስምንት ሰዓት 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ የሚሞቀው ግን እግሩ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ለእግር መቶ ዋት እንኳ በበቃ ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ሂተርም ሹራብም የሌለው ሰው የሚወስደው እርምጃ ነው። የዘበኛ ቤት ወይም ጠባብ ሱቅ በርና መስኮቱ ተዘግቶ ከሰል ሲገባበት፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን በእንቅልፉ ይወስደዋል። ይህን ለማለት የሩቅ ጥናት መጥቀስ አያስፈልግም፤ በየክረምቱ የምንሰማው ሞት ነው። ከሰል በምንም ምክንያት በተዘጋ ክፍል አይነድድም፤ ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላም ቢሆን። አደገኛው ሰዓት እንዲያውም ያ ነው።

ስለ አንድ ቃል

ተማሪዎቻችን ጥናቱን በከተማችን ቢሮዎች ለመድገም ሲያስቡ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ችግር የቋንቋ ነው። ዓለም አቀፉ መጠይቅ ከ«በጣም ቀዝቃዛ» እስከ «በጣም ሞቃት» የሚደርሱ ሰባት ደረጃዎች አሉት፤ መካከለኛው ምቾት ነው ተብሎ ይታሰባል። በአማርኛ ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል አይመዝኑም። «ሞቅ ያለ» የምንለው አቀባበልን፣ ጨዋታን፣ ቤትን ስናመሰግን ነው። «ቀዝቀዝ ያለ» የምንለው ደግሞ ገበያው ሲሞት ነው። የሚያስከፋውን ሙቀት ለመግለጽ «ወበቀኝ» የሚል ሌላ ቃል አለን። ስለዚህ አንድ የቢሮ ሠራተኛ በመጠይቁ ላይ «ትንሽ ሞቅ ያለ» ላይ ምልክት ቢያደርግ ቅሬታ ይሁን ምስጋና መለየት ያዳግታል። መፍትሔው ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው። አንደኛው «አሁን ምን ይሰማዎታል?»፣ ሁለተኛው «ክፍሉ እንዴት ቢሆን ይመርጣሉ? ቢሞቅ፣ እንዳለ ቢሆን፣ ቢቀዘቅዝ?» የሚል።

ሦስተኛ ጥያቄ እንጨምራለን። «ይህን ራስዎ መለወጥ ይችላሉን?» መልሱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ አይሁን፤ መስኮቱን ማን እንደሚከፍት፣ ማንን ማስፈቀድ እንደሚያስፈልግ ይጻፍ። አለቃን ማስፈቀድ የሚጠይቅ መስኮት ግማሽ መስኮት ነውና። ለመለኪያው ሁለት ተራ ቴርሞሜትሮች ይበቃሉ። አንዱ ለአየሩ፤ ሌላው ጥቁር በተቀባ የገበታ ቴኒስ ኳስ ውስጥ ገብቶ የግድግዳውንና የመስታወቱን ጨረር እንዲያነብ። ሁለቱም በተቀመጠ ሰው ወገብ ቁመት፣ ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ በማያገኛቸው ቦታ ይቀመጡ፤ ኳሱ እስኪረጋጋም 20 ደቂቃ ይጠበቅ። ልኬቱ በጎዳናው በሁለቱም ወገን፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ቢደረግ፣ አንዱ ወገን ለሌላው ማነጻጸሪያ ይሆናል።